ስለ ጸጋና ስለ እጅ ሥራ፤ በደቻቱ ዳር የተማርነው

ባለፈው የጽጌ ወራት በአንድ እሑድ ከቅዳሴ በኋላ የደቻቱን ድልድይ ተሻግረን ወደ ቤታችን ስንመለስ፣ እንጀራ ጋግረው በመሸጥ ልጆቻቸውን ያሳደጉ አንዲት እናት በመንገድ አገኙንና ሰላምታ ሰጡን። እኛም የልጆቻቸውን ደኅንነት ጠየቅናቸው። ትልቋ ልጃቸው በሰንበት ትምህርት ቤት እንደምትዘምር፣ ታናሹም ድቁና ተቀብሎ ማገልገል እንደ ጀመረ በደስታ ነገሩን። ከዚያም ጥቂት ዝም ካሉ በኋላ፣ «መምህር፤ እርስዎ የተማሩ ነዎትና አንድ ነገር ልጠይቅዎ። ልጆቼ እንዲህ ሲያገለግሉ አያለሁ። እኔ ግን ፊደል አልቆጠርሁም፤ ድምፄም ለመዝሙር አይሆን፤ ቀኑን ሙሉ ጢስ ውስጥ ነኝ። ለመሆኑ ለእኔ ምን ጸጋ ተሰጠኝ? እግዚአብሔር ምን አገለገልሽኝ ቢለኝስ ምን እመልሳለሁ?» አሉን።

እኛም እንደ ልማዳችን ፈጠን ብለን ከቅዱስ ጳውሎስ መልእክት አንድ ቃል ጠቀስንላቸው። እርሳቸውም «እሺ፤ ይባርክዎ» ብለው ጎንበስ አሉና መንገዳቸውን ቀጠሉ። ነገር ግን አለመመለሳችንን እርሳቸውም ዐወቁ፤ እኛም ዐወቅነው። ከልቡ ለሚጠይቅ ሰው ጥቅስ ወርውሮ ማለፍ ለተራበ ሰው የምግብ ስም እንደ መንገር ነውና፣ ነገሩ ከዚያ ቀን ጀምሮ ሲከነክነን ቆየ። የዛሬው ጽሑፋችን ለእኚያ እናት የዘገየ መልስ ነው። ምናልባትም በየቤቱ ያንኑ ጥያቄ በሆዳቸው ይዘው የሚኖሩ ሌሎች እናቶችና አባቶች ይኖሩ ይሆናል።

አገልግሎት የሚለው ቃል በእኛ ዘመን እጅግ ጠብቧል። ዛሬ «እገሌ አገልጋይ ነው» ሲባል ወዲያው የሚታየን ድምፅ ማጉያ የጨበጠ ሰባኪ፣ ወይም ነጭ ለብሶ በሕዝብ ፊት የቆመ ዘማሪ ነው። በአባቶቻችን ዘንድ ግን ደወል የሚደውለው፣ ቅጥሩን የሚጠርገው፣ ከምንጭ ውኃ የሚቀዳው፣ መቃብር የሚቆፍረው፣ የመገበሪያውን ስንዴ አንድ በአንድ የምትለቅመው ሁሉ ቤተ ክርስቲያንን ያገለግላል ይባል ነበር። ሐዋርያውም ለሮሜ ሰዎች በጻፈው መልእክት በአሥራ ሁለተኛው ምዕራፍ ጸጋዎችን ሲዘረዝር፣ ትንቢትንና ማስተማርን ከተናገረ በኋላ እዚያው ላይ መስጠትንና መራራትን ጨምሮ ይቈጥራቸዋል እንጂ፣ እነዚህን የዝቅተኞች ድርሻ ብሎ ወደ ሌላ ገጽ አልወሰዳቸውም።

ከዚያም አልፈን ወደ ኦሪት ብንመለስ የሚያስገርም ነገር እናገኛለን። በመጽሐፍ ቅዱስ የእግዚአብሔር መንፈስ ሞላበት ተብሎ አስቀድሞ የተነገረለት ሰው ነቢይ አይደለም፤ ካህንም አይደለም። በኦሪት ዘጸአት በሠላሳ አንደኛው ምዕራፍ የምናገኘው ባስልኤል የሚባል የእጅ ሥራ ዐዋቂ ነው። መንፈሱም የተሰጠው ወርቅና ብር እንዲያቀልጥ፣ ድንጋይ እንዲቀርጽ፣ እንጨት እንዲጠርብ ነበር። በሠላሳ አምስተኛውም ምዕራፍ በእጃቸው የፈተሉ ሴቶች ፈትላቸውን ለድንኳኑ እንዳመጡ ተጽፏል። እንዝርትና መዶሻ በእግዚአብሔር ፊት ይህን ያህል ከበሩ።

እስቲ ደግሞ በቅዳሴ ጊዜ በዓይናችን ፊት ያለውን እናስተውል። ካህኑ የሚለብሰውን ካባ የሸመነ ሸማኔ አለ። ዕጣን የሚታጠንበትን ጽና፣ የእጁንም መስቀል በእሳት አቅልጦ የሠራ አንጥረኛ አለ። የከበሮውን ቆዳ ያለፋ፣ የመጽሐፉን ብራና የፋቀ፣ ውኃው የሚቀመጥበትን እንስራ ያበጀች ሰው አለች። እነዚህን ሰዎች በየአገራችን ምን ብለን ስንጠራቸው እንደ ኖርን መናገር ያሳፍራል። ቡዳ ያልናቸው፣ ከማዕድ ያራቅናቸው፣ ልጃችንን ለልጃቸው አንሰጥም ያልናቸው እነርሱው ናቸው። ዳግማዊ አፄ ምኒልክ በ1900 ዓ.ም. ሠራተኛን በሥራው መስደብን የሚከለክል አዋጅ ማስነገር አስፈልጓቸው ነበር። አዋጁ ከተነገረ ከመቶ ዓመት በላይ ቢሆነውም፣ በአንዳንድ ቤት ዛሬም ልጅ ሲያጠፋ በሰው ሙያ ሲሰደብ እንሰማለን። እጃቸው የሠራውን በመቅደስ እየተሳለምን እጃቸውን በደጅ ስንንቅ መኖራችን እንዴት እንዳልከበደን እንጃ።

ይህን ሁሉ በመጽሐፍ ደረጃ ከልጅነታችን ጀምሮ እናውቀው ነበር። በእውነት የተማርነው ግን በሐምሌ 30 ቀን 1998 ዓ.ም. በደቻቱ አሸዋ ላይ ነው።

ደቻቱን ላላየ አንባቢ ጥቂት እንናገር። ድሬዳዋ የባቡር ሐዲድ ከጅቡቲ ተነሥቶ በ1895 ዓ.ም. ከቦታው ሲደርስ የተቆረቆረች ከተማ ናት። ሐዲዱ በተራራው ወደ ሐረር መውጣት ስላልሆነለት ከግርጌው ባለው ሜዳ ላይ ቆመ፤ ከተማዋም በመጀመሪያ አዲስ ሐረር ተብላ ነበር። ደቻቱ ይህችን ከተማ ከሁለት ከፍሎ፣ ከዚራን በአንድ ወገን፣ መጋላን በሌላ ወገን አድርጎ የሚያልፍ ወንዝ ነው። ወንዝ ማለታችን ለስሙ ነው እንጂ ከዓመት እስከ ዓመት አብዛኛውን ጊዜ ውኃ የለበትም፤ አሸዋ ብቻ ነው። ልጆች ኳስ ይጫወቱበታል፤ መንገደኛ በእግሩ ይሻገርበታል፤ ገበያተኛ ይዘረጋበታል፤ የቀን ሠራተኞችም ለቤት መሥሪያ የሚሆነውን አሸዋ እየዛቁ ለመኪና ይጭኑበታል። ከተማው ከባሕር ጠለል በላይ ወደ አንድ ሺህ ሁለት መቶ ሜትር ገደማ ሲሆን፣ በደቡብ በኩል ያሉት ተራራዎች ግን ከሁለት ሺህ ሜትር ይበልጣሉ። ዛፉ በተመነጠረው በዚያ ደጋ ከባድ ዝናብ ሲጥል ውኃውን የሚይዘው የለምና፣ ከተማው ሰማዩን አይቶ «ዛሬስ ደኅና ነው» እያለ ሲተኛ ጎርፉ በሌሊት ሊደርስበት ይችላል።

እንዲሁም ሆነ። የቁልቢ ገብርኤል የሐምሌ በዓል ከተከበረ ገና አሥራ አንድ ቀኑ ነበር። ቅዳሜ ለእሑድ አጥቢያ፣ ሰው በተኛበት ሰዓት፣ ደቻቱ ከዳር እስከ ዳር ሞልቶ ወጣ። ከሁለት መቶ በላይ ነፍሳት ጠፉ፤ በሺህ የሚቈጠሩ ሰዎች ቤት አልባ ሆኑ።

እኛ በዚያን ጊዜ ወጣት ዲያቆንና ጀማሪ መምህር ነበርን። የዚያ እሑድ ቅዳሴ ተራው የእኛ ስለ ነበረ ሌሊት ተነሥተን ወደ ቤተ ክርስቲያን ስንሄድ፣ ከወንዙ በኩል እንደ ባቡር የሚያጓራ ድምፅና ጩኸት ሰማን። ምን እንደ ሆነ አላወቅንም። ቆም ብለን አዳመጥን፤ ከዚያም መንገዳችንን ቀጠልን። ቅዳሴ ከአምስት ልኡካን ባነሰ እንደማይቀደስ የሚያውቅ ሰው፣ ተራውን ትቶ የሚቀር ዲያቆን ምን እንደሚያስከትል ያውቃልና ይህን ሰበብ አድርገን ነው። እውነቱን ለመናገር ግን ፍርሃትም ነበረብን። ጌታችን በሉቃስ ወንጌል ስለ ደጉ ሳምራዊ በተናገረው ምሳሌ፣ ቍስለኛውን በመንገድ አይተው ገለል ብለው ያለፉት ካህንና ሌዋዊ ወዴት እየሄዱ እንደ ነበር አልተጻፈም። እኛ ግን ከዚያች ሌሊት ወዲህ ያን ምዕራፍ ስናነብ፣ ምናልባት የአገልግሎት ተራ ነበረባቸው ይሆን እያልን እናስባለን።

ቅዳሴው ሳይጀመር ወሬው መጣ። ካህናቱ ተነጋገሩና ቅዳሴው እንዲቀደስ፣ ሕዝቡም ወዲያው ተሰናብቶ ወደ ወንዙ እንዲሄድ ሆነ። ቅዳሴው ሲፈጸም ልብሰ ተክህኖአችንን እንደ ለበስን በቤተ ልሔሙ ደጅ ቆመን ምን እንደምናደርግ ስናመነታ፣ አንድ አረጋዊ ካህን አዩንና፣ «ምን ቆመሃል? ልብስህን አጥፈህ አስቀምጥና አካፋ ፈልግ» አሉን። እኛም፣ «አባ፤ ቆርቤአለሁ እኮ» አልናቸው። የቆረበ ሰው በዚያ ቀን ከድካም ሥራ እንዲከለከል፣ ወንዝም እንዳይሻገር ተምረን ነበርና እንደ በቂ ምክንያት ቈጥረነው ነው። አረጋዊው ግን አልተቈጡም፤ ዝቅ ባለ ድምፅ፣ «የቆረብኸውስ ለዚህ አይደለም እንዴ?» ብለው እርሳቸው ራሳቸው የእጅ መስቀላቸውን ይዘው ቀድመውን ወጡ። ይህን የምንጽፈው የቤተ ክርስቲያናችንን ሥርዓት ለማቃለል አይደለም፤ ሥርዓቱን ከማንም በላይ የሚጠብቁ አባት ነበሩ። ለዚህም ነው ቃላቸው እስከ ዛሬ የከበደን።

ከወንዙ ዳር ስንደርስ ያየነውን በዝርዝር አንጽፍም። ከአንባቢዎቻችን መካከል በዚያ ሌሊት ዘመድ የጠፋባቸው ይኖራሉና። አካፋ አላገኘንም። ንጹሕ ነጠላችንን እንደ ለበስን፣ መጻሕፍተ ሊቃውንት በተማርንበት ጭንቅላታችን አንዲት ጠቃሚ ነገር ማሰብ ተስኖን፣ እጃችንን አጣምረን ቆምን። በአጠገባችን ሰው ሁሉ በየፊናው ይቆፍራል፤ ይጮኻል፤ ወዲያና ወዲህ ይሮጣል። በዚህ መካከል ከዚያ በፊት ብዙ ጊዜ አጠገቡ አልፈን ስሙን እንኳ ጠይቀነው የማናውቅ አንድ አሸዋ ዛቂ ጮክ ብሎ፣ «እዚያ አትድከሙ፤ እዚያ የለም» አለ። እርሱም ወንዙ በሚታጠፍበት በውስጥ ወገን በእርጋታ እየተራመደ አሸዋውን በእግሩ ይጫን ነበር። በየትኛው ቦታ አሸዋው አዲስ የተከመረ እንደ ሆነ፣ በየትኛውስ የቆየ እንደ ሆነ፣ የቱ ጋ ሰው ቢረግጥ እንደሚሰጥም፣ የቱ ጋ እንደሚችል ያውቃል። ስንት ዓመት ሙሉ ያንን አሸዋ በጀርባው ሲሸከም የኖረ ሰው፣ እኛ ዳዊት እንደምናነብ እርሱ አሸዋውን ያነበው ነበር።

ባሳየን ቦታ ስንቆፍር አገኘን። ከቀትር በፊት እርሱ በጠቆመው ስፍራ ሦስት ሰዎች ወጡ፤ አንዷ ሕፃን ነበረች። ዘመዶቻቸው አልቅሰው፣ ገንዘው፣ በየሃይማኖታቸው ሥርዓት ቀበሩአቸው። በዚያ ሰሞን አስከሬን ሳያገኝ የቀረውን ቤተ ሰብ ኀዘን ያየ ሰው፣ ያ ጉልበተኛ ለእነዚያ ሦስት ቤቶች ያደረገላቸው ምን እንደ ሆነ ያውቃል።

አካፋ እንደሌለን ባየ ጊዜ የገዛ አካፋውን በእጃችን አስጨበጠንና እርሱ በእጁ መቆፈር ጀመረ። እኛም ተቀበልነው። ከሰዓት በኋላ ነው ከሌላ ሰው አፍ የእርሱም ቤት ከአንድ ግድግዳ በቀር እንዳልተረፈ የሰማነው። ሚስቱና ልጆቹ ከአንድ ጎረቤት ጣሪያ ላይ ወጥተው ድነዋል። ከቤቱ ግን የቀረው ያ አካፋ ብቻ ነበር፤ እርሱንም ለእኛ ሰጥቶን ነበር።

ይህ ሰው በሃይማኖት ከእኛ ወገን አልነበረም። የመንፈስ ቅዱስ ጸጋ በጥምቀትና በሜሮን የሚሰጥ መሆኑን እናምናለን፤ ይህን ትምህርት የምናላላ አይደለንም። ይሁን እንጂ ጌታ ለሕግ ዐዋቂው ባልንጀራ ማን እንደ ሆነ ሲያስተምር ምሳሌውን ከማን ወገን እንደ ወሰደ እናስታውሳለን። ያ ሰው በእጁ ያለውን ዕውቀት፣ ያለውንም አንድ መሣሪያ ለተቸገረ ሲሰጥ፣ ጥምቀትም ክህነትም የተቀበልነው እኛ ምን ይዘን እንደ ቆምን ስናስብ፣ በመጻሕፍት ያልተፈታልን ጥያቄ በልባችን ቀረ። ጸጋችን ምንድር ነው ከማለት ይልቅ፣ የተሰጠን ሲፈለግ በእጃችን ተገኝቷልን ማለት ይሻል ይሆን?

ከዚያ ወዲህ በወንዙ ግራና ቀኝ የመከላከያ ግንብ ተሠርቷል፤ ለመሥራት የተቻላቸውን ሁሉ እናመሰግናለን። አሁን ወደ ዋናው ነገራችን እንመለስ።

መሥዋዕት የሆነ አገልግሎት ከሌላው የሚለየው በሚያስከፍለው ነገር ነው። በመጽሐፈ ሳሙኤል ካልእ መጨረሻ ላይ ንጉሡ ዳዊት ከኢያቡሳዊው ከኦርና አውድማውን ሊገዛ በሄደ ጊዜ፣ ኦርና አውድማውንም በሬዎቹንም እንጨቱንም በነጻ ሊሰጠው ወደደ። ዳዊት ግን ዋጋ ያልከፈለበትን ነገር ለአምላኩ ማቅረብን እምቢ ብሎ በብር ገዛው። ከድሬዳዋ ተነሥተው ወደ ቁልቢ፣ ራስ መኰንን ከዐድዋ ድል በኋላ ወደ አሠሩት ደብር፣ የደንገጎን ዳገት በእግራቸው የሚወጡ ምእመናን ይህን ሳይማሩት ያውቁታል። በመኪና መሄድ እየቻሉ በእግር መሄዳቸው ስለቱ የእነርሱ ድካም እንዲኖርበት በመፈለጋቸው ነው።

ነገር ግን እዚህ ላይ አንድ ወጥመድ አለ፤ ዳዊት በኦርና ገንዘብ ሊሠዋ እንዳልወደደ ሁሉ፣ እኛም በሌላ ሰው ድርሻ ልንሠዋ አይገባንም። የመንግሥት ሠራተኛ ባለ ጉዳይ በደጅ አሰልፎ በሥራ ሰዓት ወደ ጉባኤ ቢሄድ፣ መሥዋዕቱን ያቀረበው በባለ ጉዳዩ ጊዜ ነው። ሽባ እናቷን ለጎረቤት ጥላ ከጠዋት እስከ ማታ በመዝሙር ልምምድ የምትውል ልጅ የምታቀርበው የእናቷን ድርሻ ነው። ነጋዴውም ከሚዛን ሰርቆ ባገኘው ለቤተ ክርስቲያን ጉልላት ቢሠራ፣ ጉልላቱ ከሩቅ ያበራ ይሆናል፤ ያበራው ግን በገዢው ገንዘብ ነው።

በዚህ እኛ ራሳችን ወድቀንበታልና ከሩቅ ሆነን የምንፈርድ አንምሰል። ከጥቂት ዓመታት በፊት በአንድ የጾመ ነቢያት ወራት፣ በሰንበት ትምህርት ቤት ሕፃናትን ለልደት በዓል ለማዘጋጀት ዘወትር ማታ እንወጣ ነበር። በዚያው ጊዜ የሰባ ተማሪ የሒሳብ ደብተር በጠረጴዛችን ላይ ተከምሮ ነበር። አንድ ሌሊት ድካም ሲበረታብን ውስጡን ሳናይ በየገጹ የትክክል ምልክት እያደረግን ጨረስነው። ከሳምንት በኋላ ዕቃ በመሸከም የሚተዳደር አንድ አባት የልጁን ደብተር በጨርቅ ጠቅልሎ ይዞ መጣ። እርሱ ማንበብ አይችልም፤ ጎረቤቱ ደብተሩን አይቶ ስሕተት ነው ስላለው ነገሩ ግራ ገብቶት ነው። «መምህር፤ ሰውየው ስሕተት ነው ይለኛል፤ እርስዎ ደግሞ ልክ ብለዋል። እኔ በእርስዎ አምናለሁ፤ ለልጄ ምን ብዬ ልንገራት?» አለን። ያ አባት ልጁን ትምህርት ቤት የሚያኖራት በትከሻው ነው። እኛ የሰጠነው የትክክል ምልክት የእርሱን ላብ የሰረቀ መሆኑን በዚያች ሰዓት ዐወቅን። ይቅርታ ጠየቅነው፤ ሰባውንም ደብተር ሰብስበን እንደ ገና አረምን። የዚያ ዓመት የልደት መዝሙር ከወትሮው ደከም ያለ ነበር፤ በዚህም አንዳንዶች ወቅሰውናል።

በሌላ ወገን ደግሞ «ሥራዬ ጸሎቴ ነው» እያሉ ከቤተ ክርስቲያን ደጅ ጨርሰው የጠፉ ወዳጆች አሉን። ንግግሩ ያምራል፤ እኛ ግን አንቀበለውም። በአባ እንጦንስ ታሪክ እንደምናነበው፣ አባታችን በበረሃ ልቡ በታወከበት ጊዜ የታየው መልአክ ተቀምጦ ገመድ ይገምድ ነበር፤ ከዚያም ተነሥቶ ይጸልያል፤ እንደ ገናም ተቀምጦ ይገምዳል። ተቀምጦ ብቻ ወይም ቆሞ ብቻ አልታየም። ለእኒሁ ለአባ እንጦንስ ደግሞ በከተማ የሚኖር አንድ ሰው በክብር እንደሚተካከላቸው ተገልጦላቸዋል፤ ያም ሰው ሐኪም ነበረ፤ ከሚያስፈልገው የተረፈውን ለድሆች ይሰጣል፤ ዘወትርም ከመላእክት ጋር የሥላሴን ቅድስና ያመሰግናል። ሕክምናውም ምስጋናውም በአንድነት መነገራቸውን ልብ ይሏል። ከሊቃውንትም ታላቁ ባስልዮስ በ4ኛው መቶ ዓመት በቀጰዶቅያ ረኃብ በጸና ጊዜ ሀብቱን አውጥቶ ድሆችን በገዛ እጁ ያበላ ነበር፤ ኋላም ከቂሳርያ ከተማ ዳር ለሕሙማንና ለእንግዶች ማረፊያ አሠራ። ቅዳሴ የደረሰለት ሊቅ ወጥ ጨልፎ ማደሉን አላፈረበትም።

ልጆች ላሏቸው ቤተ ሰቦች አንድ ነገር ብቻ እንናገርና እናልፋለን። ልጅ በሰንበት መገበሪያና ጧፍ ይዞ ወደ ቤተ ክርስቲያን ሲሄድ፣ ስንዴውን ማን እንዳረሰው፣ ማን እንደፈጨው፣ ጧፉን ማን እንደገመደው ይነገረው። ይህ የአምስት ደቂቃ ወሬ ነው። ከዚያ በኋላ ልጁ በሰፈሩ ሸማኔውን ወይም አሸዋ ዛቂውን ሲያይ በሌላ ዓይን ያየዋል ብለን እናምናለን።

ባለፈው ሳምንት መልሳችንን ይዘን ወደ እኚያ እናት ቤት ሄድን። ስለ ባስልኤልም፣ ስለ ዶርቃም ነገርናቸው፤ ያቺ ዶርቃ በሐዋርያት ሥራ እንደ ተጻፈው በሞተች ጊዜ መበለቶች የሰፋችላቸውን ቀሚስ ለጴጥሮስ እያሳዩ ያለቀሱላት ናት። እናታችን በዝምታ ሰሙን። ከዚያ ስለ አሸዋ ዛቂው ስንነግራቸው፣ «ዐውቀዋለሁ፤ ያን ሰሞን እኛ ዘንድ ይበላ ነበር» አሉን።

እኛም ደንግጠን «እናንተ ዘንድ?» ብለን ጠየቅን።

«አዎ፤ ያን ጊዜማ ስንት ቀን ከምጣዱ አልተነሣሁም። ከጎረቤት ዱቄት ሰበሰብን፤ መጠለያ ለገቡት ስንጋግር ሰነበትን። ደግነቱ በማግሥቱ ፍልሰታ ገባ።»

«ደግነቱ ማለትዎ?» አልን፤ አልገባንም ነበር።

«ጾም ነዋ፤ መምህር! ሥጋ ቢሆን ክርስቲያኑ የእስላሙን፣ እስላሙም የክርስቲያኑን አይበላም፤ ሁለት ድስት ያስፈልግ ነበር። ሽሮና ምስር ስለ ሆነ ሁሉም ከአንድ ድስት በላ። ለዚያ ሁሉ ሰው ሁለት ድስት ከየት ይመጣ ነበር?»

እንጀራውን በዱቤ ስለ ወሰዱት ዱቄት ዕዳ ሲከፍሉ መስቀልን እንዳለፉ፣ ያን ዓመት ለልጆቻቸው ልብስ እንዳልገዙ የነገረችን ልጃቸው ናት። እርሳቸው ይህን ስትናገር ዓይናቸውን አፍጠጥ አድርገውባት ዝም አሰኟት። እኛም «ታዲያ እግዚአብሔር ምን አገለገልሽኝ ቢለኝ ምን እመልሳለሁ ያሉን እርስዎ አይደሉም?» አልናቸው።

«እርሱማ ሰው ሲራብ ነው፤ ያን አገልግሎት ይሉታል እንዴ?» አሉና ሳቅ ብለው ተነሡ። «ይቀመጡ፤ ቡና ይጠጣሉ። እኔ ግን አብሲት ጥጄ ነውና እንዳያርብኝ ልየው።»